ሁለት ነጥብ

ማናማ፣ ጉደይቢያ፤ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት፣
ከኩንጁ ልብስ ስፌት በላይ ካለች ሰገነት፣
ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን የለበሰ፣
ወንበሩ ካራት እግሩ አንዱ የተቀነሰ፤
ማራገቢያው ይጠፋል፣ ላቡ እስኪያሰጥም፤
ማይክ ሁሉን ይሰማል፣ ሙቀት ግን አይሰማም።
ይኸው ነው ጣቢያችን።
ሌላ ዕቃ አለን ብዬ ብዋሽ ደስ ይለኛል፤
ቀሪውን ጆሯችሁ በደግነት ይሞላል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጉዳይ፤
ሌላውን ቀን ሾፌር ነኝ፣ የውሃ ቦቴ ላይ።
የዝናብ ዘፈኖች ሳምንት አደረግን አንዴ፣
(ሐምሌ ነው፣ ውጪው አርባ ስድስት፤ ጭካኔ ነው እንዴ?)
ከዚያ የበር ሳምንት፣ ማንኳኳት ያለበት፣
ከዚያም የዕዳ ሳምንት፣ ዘፈን ያጣንበት፤
ስለ ፍቅር ሺህ ዘፍነን፣ ስለ ብድር ሦስት!
ስልክ የምታነሣው ጦይባ ከት ብላ ሳቀች፤
«ዕዳ ያልሆነ ፍቅር እስቲ አንድ አምጣ» አለች።

የሚሰሙኝ ሴቶች አንድ ጆሮ ነው ያላቸው፤
ሌላኛው ለቤቱ ነው፣ ድንገት ቢጠሯቸው።
ሽቦው ከሻሽ ስር ገብቶ በደረት ይወርዳል፣
ዘፈኑ ከካውያው እንፋሎት ጋር ይሄዳል።
መልእክት ይልካሉ፣ አጭር፣ በችኮላ፦
«አንጓች ነኝ፣ ከሪፋ፤ አሁኑኑ ድገመው፤ በኋላ
ልጆቹ ይነቃሉ።»
«ሰዓዳ ነኝ፣ ሙሐረቅ፤
ቤዙን ቀንስ፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ እንዳልታወቅ።»

ስም የላትም አንዷ፤ ቁጥር ናት ስልኬ ላይ፤
ዘፈን አትመርጥ፣ አትነቅፍ፣ አትጠይቅ ጉዳይ፤
ዘጠኝ ካራት ሲል ብቻ፣
እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አንዱን ካንዱ በላይ፣
ሁለት ነጥብ ትልካለች።

                    ፡

በቃ።

ሁለተኛ ክፍል ሳለን ጋሽ ዳንሳ ያሉን ድሮ፦
«አራት ነጥብ ቤት ይዘጋል፤ ሁለት ነጥብ፣ ኑሮ
ይቀጥላል ነው ልጆች፣ ትንፋሽ ውሰዱ ነው፤
ቃል ነው እንጂ ያለቀው፣ ነገሩ ገና ነው።»
ስለዚህ መለስሁላት፤ ማንም ሰው ሳይነቃ፣
ዘፈን ባለቀ ቁጥር አንድ ትንፋሽ፣ በቃ፣
ያችን ያህል ዝም እላለሁ።

የመንገድ ዘፈኖች ሳምንት ነበር። ዘጠኝ ካራት አለ።
ዘጠኝ ካምስት። ካስር። ስልኬ ድንጋይ ሆኖ ዋለ።
አጥፍቼ አበራሁት፣ ቻርጀር ሰካሁ፣ ነቀልሁ፤
ሳላውቀው አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ደገምሁ።
በማግሥቱ ቦቴዬን በየሰፈሩ ስነዳ፣
ታንከር ስሞላ አሰብሁ፦ ከየትኛው ግድግዳ?

በቀጣዩም ዓርብ የለችም። ከዚያ በኋላም።
«አገር ገብታ ይሆናል» አለች ጦይባ፤ «ማን ያውቃል?
ወይ ስልክ ተቀምታ፣ ወይ ቤት ቀይራ፣ ወይ...
ዘፈን አስገባ፣ አንተ!»

እኔ ግን ክፍተቷን አልደፈንሁም፣ አሰፋኋት፤
ካንድ ትንፋሽ ወደ ሦስት፣ ወደ ሰባት ወሰድኋት።
የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ አቶ ልበን፣ ተቆጡ፦
«ባዶ አየር ነውር ነው! ጣቢያው ወደቀ ብለው ሰዎች ወጡ!»
እውነታቸውን ነው፤ ዐሥራ አንድ ሰው ወጣ።
ሰዓዳ ግን ጻፈች፦
«አሁን ያለፈው የማን ነው? ድገመው፣ ደስ ይላል።»

ከስር የኩንጁ መኪና ሲያንኳኳ ነው የሚውል፣
ዓመት ሙሉ ከዘፈኔ ስር እንደ ከበሮ ሲዘል፤
ካማርኛ የሚያውቀው «እሺ» እና «ነገ ና» ነው፤
ነገ ና ደግሞ የሱ ሥራ ዋናው ነው።
ዛሬ እዚያች ላይ ስደርስ፣ ዘፈኑ ሲያልፍ፣
ቀጥ አለ ፔዳሉ። ቆመ የመርፌው አፍ።
የማን ሱሪ እንደሆነ እንጃ፣ ግማሽ እግሩ ተሰፍቶ፣
ቆየ ከኔ ጋራ፣ ሰባት ትንፋሽ ቆጥሮ።

ከዚያ በሜትር እንጨቱ ጣሪያውን፣ ወለሌን፣
ሁለቴ መታ።
ቀጥል ማለቱ መሰለኝ።

ቀጠልሁ፡