የድንጋይ ካርኒ

ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ክሩ ያለቀ ፊሽካ፤
ይኸው ነው ሥልጣኔ፣ ቢቆጠር ቢለካ።
ስሜን ማን ጠርቶት ያውቃል? ከአሸዋ እስከ መጋላ
«አቶ ፊሽካ መጣ!» ነው፤
ሸራው ሲጠቀለል፣ ጋሪው ሲሸሽ ወደ ኋላ።

አልክድም፣ ጃንጥላ ወስጃለሁ፤
የሳምቡሳ መጥበሻ፣ ዘይቱ እንደጋለ፣ ከምድጃው አንስቻለሁ።
የመጋዘኑ ቁልፍ ጉሌድ ዘንድ ነው፤
በተሰበረው መስኮት ነፋስ ሲገባ
የተወረሰው ሚዛን ሁሉ ባዶውን ሲመዝን ያድራል፤ ሰምቻለሁ።

ግን አንድ ደንብ አለ፣ ከልቤ የማምንበት፦
ደንገጎ ጋራ ላይ ደመና ሲከብድበት
ደቻቱ አሸዋ ላይ ሰው አይቀመጥበት።

ድሬ ላይ ኮከብ ነው፤ አይወርድም ጠብታ፤
ደረቁ ወንዝ ደሞ ሰፊ ነው፣ ኪራይ አይጠይቅም፤
ለገበያ ማታ
ከእሱ የተሻለ የት ይገኛል ቦታ?
ውሃው ግን ከላይ ነው፤ በሰው አገር ዘንቦ
ሳያንኳኳ ይገባል፣ ግንድና ድንጋይ ስቦ።
የዘጠና ስምንቱ እንዲያ ነበር፤ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤
ከአክስቴ ጋር ጣራ ላይ
ጩኸት እየቆጠርሁ፣
አንድ በአንድ ሲጠፋም እየቆጠርሁ አደርሁ።

ስለዚህ እነፋለሁ።

አዴ ሚስኪ አትነሣም። አንዲት ድንጋይ አላት፣
ጠፍጣፋ፣ ለብቻዋ፣ ማንም የማይነካባት፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ማንጎ የሸጠችባት።
«አቦ ተወኝ!» ትላለች፤ «ደመናው የት አለ?
አንተ ስትነፋ ነው ገበያው የጎደለ።
ባለፈው ማክሰኞ ‘ጎርፍ መጣ’ ብለህ
ሮጥን፤ ማንጎው ተረገጠ፤ ጎርፍህ የት ቀረብህ?
መቶ ሃያ ብሬ አለበት፤
ሲመጣ ንገረው፣ ካርኒ ቁረጥበት!»

ምን ልበላት? ሦስቴ ነፋሁ፣ ሦስቴም ጎርፉ ቀረ፤
ያልሞተን ሰው ደግሞ ማን ወጥቶ ቆጠረ?
ጉሌድ እንኳ «የደመና ካድሬ» ብሎ ተረበኝ፤
አለቃዬም ደውሎ
«ሕዝብ ታስመርራለህ» ብሎ ወረደብኝ።

በአራተኛው፣ ዓርብ ማታ፣ ፊሽካው አፌ ላይ ከበደ።
ደንገጎ ጠቁሯል። ድሬ ላይ ጨረቃ፣ ሳቅ፣ የባጃጅ ጥሩንባ።
ልተወው? አልሁ፤
እግሬ ግን ቀድሞኝ ወደ አሸዋው ወረደ።

አልነፋሁም ያን ቀን። ዝም ብዬ ጎንበስ አልሁ፣
የማንጎ ጆንያዋን ትከሻዬ ላይ ጣልሁ፤
«ስደቢኝ፣ ግን ተከተይኝ» አልሁ።
ተከተለች፣ እየተሳደበች፣ በሁለት ቋንቋ፣ በሦስት፤
ስድቧን ሊሰሙ የተጠጉትም አብረው ወጡ፤
ሊስትሮው፣ ሎሚ ሻጯ ልጅ፣
ሳምቡሳ የሚጠብሱት ባልና ሚስት።
ድንጋይዋ ብቻ ቀረች።
ማን ድንጋይ ይሸከማል?

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አሸዋው አጉረመረመ።
ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል፤
ያላየ ባያየው ተጠቀመ።

ጠዋት ጭቃው መሐል አዴ ሚስኪ ቆማለች፣
ሻሿን ጠበቅ አርጋ፣ መሬት መሬት እያየች።
ተመስገን አላለችም። እኔንም ቀና ብላ አላየች።
«ድንጋዬን ወሰደው» አለች።
«አንተ ስትወስድ ካርኒ ትቆርጣለህ፤
ለእሱም ቁረጥለት።
እኔ ንብረቴን ያለ ወረቀት አልሰጥም።»

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ተመለሰ።
ካርኒዬን አወጣሁ፤ ካርቦኑን አስተካከልሁ፦
የተወረሰ ዕቃ፦ ድንጋይ፣ አንድ።
ባለንብረት፦ አዴ ሚስኪ።
ወራሽ፦ ደቻቱ።
«የተጣሰው ደንብ» በሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፤
ባዶውን ተውሁት።

አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ሥር ከተተችው።
«ማክሰኞ» አለች፣ «ሌላ ታመጣልኛለህ፤
ጠፍጣፋ ይሁን፤ ወገቤን ያመኛል።»
«የት ላስቀምጠው?»
«እዚያው ነዋ።»
«እዚያው?»
ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ጭቃው መሰንጠቅ ጀምሯል፤
በጣቷ አሳየችኝ፦
«አቦ! አታይም እንዴ? ወንዙ እኮ ደርቋል።»