እንደ

ሳስካቱን፤ ጥር ወር፤ አሥራ አንድ ተኩል ሌሊት፤
ትንፋሽ ካፍ ሳይርቅ ውርጭ ሆኖ የሚቀርበት።
ልጄን ከአባቱ ብብት ስር እንደ ተኛ ትቼ መጣሁ፤
መኪናዬን ካደረችበት ከኤሌክትሪክ ገመድ ነቀልሁ፤
«በስመ አብ» ብዬ ቁልፉን አዞርኩ፤ ጓንቴ ጣቴ ላይ ደረቀች፤
አቃሰተች፤ አሰበች፤ ደግሞ አቃሰተች፤ ተነሣች።
ተመስገን። ይቺ አሮጊት ዛሬም ቃሏን ጠበቀች።

ሞተሯ እስኪሞቅ ድረስ፣ የመስታወቱ ውርጭ እስኪለቅ፣
አባታችን ሆይ እላለሁ፣ ከእንቅልፌ ጋር ስተናነቅ።
ቤተ መቅደሴ ይኸው ነው፤ የወንበሩ ጨርቅ የተቀደደ፣
የልጄ ብስኩት ፍርፋሪ በየስንጥቁ የሄደ።
እዚህ ለስምንት ደቂቃ ስሜን የሚጠራ የለም፤
የቤት ኪራዩን፣ የልጄን ጥርስ፣ ለአንድዬ ስነግር አልደክም።

ያን ዕለት ግን ጸሎቴ መንገድ ላይ ተሰናከለ፤
ይቅርታ ከሚለው ስፍራ፣ አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ።
ማዶ፣ ከቁጥር ዘጠኝ፣ ኮፋኖ ከፍቶ ቆሟል፤
ሚስተር ኮቫልቹክ ነው፤ ባትሪው ሞቶበታል።

ሦስት ደብዳቤ ጽፎብኛል ለሕንፃው አስተዳዳሪ፤
«ልጁ ጋላቢ ፈረስ ነው፤ እናቱም ሰላም ነሺ፣ አስቸጋሪ።»
ኢዮስያስ ከዚያ ወዲህ፣ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው፣
በገዛ ቤቱ ወለል ላይ በጣቱ ጫፍ ነው የሚሄደው።

ሦስት ፊደል ናት፤ «እንደ»፤ በልጅነቴ ያጠናኋት፣
ሺህ ጊዜ ሳላያት ያለፍኳት፣ እንደ ደጅ ድንጋይ የረገጥኳት።
ዛሬ አንገቷን አቀናች፤ መስፈሪያ ቁና ሆነች፤
«በሰፈርሽው ልስፈርልሽ?» ብላ ፊቴ ተደቀነች።

ሄድኩ። አልዋሽም። ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ፤
ዐይኔን ከዐይኑ ሸሽጌ፣ ራዲዮ ከፍ አደረግሁ።
ምክንያትማ ነበረኝ፤ ለዚህ ማን ያጣል ምክንያት?
በአሥራ ሁለት ካልፈረምኩ የአንድ ሰዓት ደመወዝ ቅጣት።
ወይዘሮ አይሪስም አሉ፣ ዘጠና አራት ዓመታቸው፣
ከኔ እጅ በቀር ማበጠሪያ የማያስነኩት ጸጉራቸው።
ደግሞስ ይቅርታ የልብ ነው፤ ብዬ ከራሴ ተሟገትኩ፤
በልቤ ይቅር ብየዋለሁ፤ እያልኩ እስከ መብራቱ ደረስኩ።

መብራቱ ቀይ ነበረ። ቀይ ላይ ቆሜ ቆየሁ።
መንገዱ ላይ ማንም የለም። ራዲዮውን አጠፋሁ።
ደብዳቤውን አይደለም፣ ጣቶቹን ነው ያሰብኩት፤
ያለ ጓንት ነበሩ፣ ብረት ላይ ሆነው ያየሁት።

ዞርኩ። ድምፅ አልሰማሁም። መልአክም አልታየኝ።
እንዲያውም ተናድጄ ነበር፤ ወደ ኋላ የመለሰኝ
ደግነት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ያቺ ቃል ናት የጎተተችኝ።

ገመድ ከወንበር ስር አወጣሁ፤ ቀዩን በቀይ አስነከስኩ፤
ጥቁሩን ብረት አስያዝኩ፤ «በል እስቲ ሞክረው» አልኩ።
አቃሰተ፤ ዝም አለ፤ ደግሞ አቃሰተ፤ ተነሣ።
ከኔ አሮጊት ምንም አልጎደለ፤ የርሱ ሽማግሌ ግን አገሳ።

ሚስተር ኮቫልቹክ አልሳቀም። እጁን በብብቱ ቀበረ፤
«ልጅሽ ሌሊት አይሩጥ» አለኝ። ምስጋናው ይኸው ነበረ።

ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ የአንድ ሰዓት ገንዘብ ጎደለኝ፤
ወይዘሮ አይሪስ ጸጉራቸው ተንጨባርሮ ጠበቁኝ።
በሳምንቱ አራተኛው ደብዳቤ በበሬ ስር መጣ፤
አሁን ደግሞ ጥፋቴ የመኪናዬ ጭስ ነው፤ ሌላ ጣጣ።
በዚህ ሁሉ ብርድ መሃል ቁጣዬ ብቻ አልበረደም፤
አንዲት ባትሪ ማስነሣት ሰውን ጻድቅ አያደርግም።

ብቻ፣ ማለዳ ማለዳ፣ ውርጩ እስኪለቅ ስጠብቅ፣
አባታችን ሆይ ብዬ፣ ከእንቅልፌ ጋር ስተናነቅ፣
ያቺ ስፍራ ስደርስ ቀስ እላለሁ፤ ዘልዬ አላልፋትም፤
ወደ ቁጥር ዘጠኝ አያለሁ፤ ተነሥቷል? ወይስ አልተነሣም?

ነገም ሠላሳ ስምንት ነው ይላሉ፣ ከዜሮ በታች።
ገመዷ ከወንበሬ ስር፣ እጄ የሚደርስበት አለች።