ቃለ ጉባኤ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በኤምደን ማዘጋጃ፣
ያቺ የመስኮት ወንበር፣ ሆነችኝ ማርጃ።
የሰው አፍ ሲከፈት፣ ብዕሬ ይከፈታል፤
አንዱ የተናገረውን፣ ሌላው ይፈርምበታል።
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ መዝገብ ላይ ማስፈር፣
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም ነገር።

እሑድ ደግሞ፣ በቀይ ጡቡ ቤተ ክርስቲያን፣
ምንባብ የማሰማው እኔ ነኝ፣ ሂልከ፣ የመርከበኛው ልጅ።
«ቃል ሥጋ ለበሰ» ሲል ሰባኪው፣ በልጅነቴ ዘመን፣
ቃሉ ብርድ የሚሰማው፣ ጓንት የሚያሻው ይመስለኝ ነበር፤
አፍንጫው የሚቀላ፣ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ከደጅ የሚያድር።
እስከ ዛሬም ይመስለኛል።

ኅዳር ነው። አጀንዳ ቁጥር ሰባት፦
በወደቡ ዳር ያለው፣ የጥንት የመርከብ ሠሪዎች ቤት።
ሠላሳ አንድ በር፤ አራት ፎቅ፤ አንድ የጋራ ማሞቂያ።
ገዢ ተገኝቷል፤ ለሆቴል መሥሪያ።
ተከራዮቹ ግን አይወጡም፤ ሕጉም አያስወጣቸው።

ኦኖ ፍሬሪክስ፣ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ፣
እሑድም ሽማግሌያችን፣ የመባ ሰብሳቢ፣
እዚህም ሰብሳቢ፣ እዚያም ሰብሳቢ፤
የእናቴን ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ፣
በዝናብ መቃብር ድረስ የሄደልኝ ሰው
(ክፉ ነው ብዬ አልጽፍም፤ አልዋሽም ደግሞ)፣
መነጽሩን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
«አንድ ክረምት ብቻ፣ ማሞቂያው ይጥፋባቸው፤
ሕግ ያላስወጣውን፣ ብርድ ያስወጣዋል» አለ።
ማንም አልሳቀ። ማንም አላሳለ።
ጻፍኩት።

ስብሰባው ሲበተን፣ ካፖርቱን እየደረበ መጣ፦
«ሂልከ፣ ያቺን ነገር፣ ልብስ አልብሻት፤
‹ማሞቂያው ለጥገና፣ ለጊዜው ይቆማል› በያት።»

ቤቴ ገባሁ። ሾርባዬ ፊቴ ቀዘቀዘ።
ለካ እዚያ ቃል ነው፣ ሥጋ የሚለብሰው፤
እኛ ቢሮ ሥጋውን፣ ቃል ነው የሚውጠው።
ሰማንያ አራት ዓመት የኖረች ቴዳ፣
«ክፍል አሥራ ዘጠኝ» ትባላለች፤
የበያጁ ሳንባ፣ «የቀድሞ ሠራተኛ ጉዳይ»፤
የሕፃን ጣት ሲደነዝዝ፣ «የሙቀት መጠን ልዩነት»።
ወፍራም ነው ቃላችን፣ እንደ ሱፍ ካፖርት፤
የሚያሞቀው ግን ለባሹን አይደለም፤
ሰፊውን ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል።
ተነሣሁ። በእሑድ ድምፄ አነበብኩት፤
«አንድ ክረምት ብቻ…»
የአዳራሹ ራዲያተር ቋ፣ ቋ ሲል ተሰማ፤
ሙቅ ነበር አዳራሹ፤ ሸሚዝ ብቻ ያስቀምጣል።
አንዲት ወጣት ተመራጭ፣ ስልኳን በፊቱ ደፋችው።
የኦኖ ጆሮ ቀላ።
«ስሕተት አለበት» አለ አንዱ። «ይታረም» አለ ሌላው።
እጅ ወጣ። ዘጠኝ ለሦስት።
ያረምኩትም እኔው ነኝ፤ ይህንንም አልደብቅም፤
በዚሁ ብዕር፣ በዚሁ እጅ።
ከግርጌው ብቻ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«መጀመሪያ የተባለው ሌላ ነበር» ብዬ ፈረምኩ።
መዝገቡ ምድር ቤት ነው። የሚከፍተው የለም።

ጥር ላይ፣ እንደ ተጻፈው፣ ማሞቂያው ቆመ።
ክፍል አሥራ ዘጠኝ አሁን፣ እኔ ቤት ታንኮራፋለች፤
ስኳሬን ትጨርሳለች፤ ድመቴን ታባልጋለች፤
ሌሊት በሕልሟ፣ የሞተ ባሏን ትቆጣለች።
ጽድቅ አይደለም። ትርፍ አልጋ ነበረኝ።

ባለፈው እሑድ ጎኔ ተቀመጠች፣
ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ።
የዕለቱ መባ፣ ለጣሪያው ነበር።
ኦኖ በመስመሩ መጣ፤ ሙዳዩን ዘረጋላት።
ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለዚህ ስትጠይቅ፣
ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ይሰማል፦
«ይሄ ደግሞ፣ ለጥገና ነው?»

ኦኖ ሙዳዩን እንደ ዘረጋ ቀረ።
ኦርጋኑ አልቆ ነበር።
ስንት ደቂቃ እንደ ቆመ፣
አልመዘገብኩም።