ሳልፈርም የተረከብኩት

ደምበጫ መጋዘን፣ ቁልፉ ከወገቤ፣
ሰልፉ ከደጃፌ፣ ጩኸቱ ከልቤ።
ሰኔ ሲገባ ነው ነገሩ የከፋው፤
ዝናቡ ከች ሲል ዩሪያው የጠፋው።

አያ ደምለው መጣ፣ ኩፖኑን እንደያዘ፤
«መሬቱ ራሰልኝ፣ ልብህ ግን ደነዘዘ።»
ምን ልበለው?
ዩሪያ ከኪሴ ቆርሼ አልሰጠው፤
ባዶ ጣውላ ላይ ቆሜ «ነገ» አልኩት፣
ትናንትም «ነገ» ብዬ የሸኘሁት።

ማታ ደግሞ ስልክ ነው። አለቃዬ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ሰዓት
«ሪፖርቱ?» ይላል፤ ሰላምታ የለው፣ እረፍት።
ባይደወልም እንኳ ጭኔ ላይ ይነዝረኛል፤
ጨለማው ከረጢት ያስቆጥረኛል፦
ሦስት መቶ ሰባ ሁለት… ሦስት መቶ ሰባ ሦስት…
ጎህ ሲቀድ ሁልጊዜ ሁለት ይጎድላል።

ጨጓራ ነው አሉኝ፣ ተልባ ጠጣሁበት፤
ክኒንም፣ ጠበልም ተራ በተራ ሞከርኩበት።
ደረቴን በመሣሪያ አዩና «ልብህ ጤነኛ ነው» አሉኝ።
ጤነኛ ከሆነ፣ ተቀምጬ ሳለሁ
ማን እያባረረው ነው እንዲህ የሚሮጥብኝ?

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ናት ዝቅ ብላ የነገረችኝ፦
«ማርቆስ ሆስፒታል ስለናት የምትባል ባለሙያ አለች፤
ሰው ታነጋግራለች።»
ወንድሜ ምንይችል ሰማና ሳቀብኝ፤
«የእብድ ሐኪም ዘንድ? ሰው እንዳያይህ!» አለኝ።
ኮፍያዬን ደፍቼ፣ አማኑኤልን አልፌ፣
ሌባ ይመስል ሚኒባስ ጥግ ተለጥፌ
ሄድኩ።

ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ባሻገር ባሕር ዛፍ።
ጠየቀችኝና ዝም አለች።
ዝምታዋ ሚዛን ነው፤
እስኪጭኑበት ይጠብቃል።
«ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ የት ይሰማሃል?»
የት? እንዲህ ተብሎስ ይጠየቃል?
«ጉሮሮዬ ላይ» አልኩ፤ ድምፄም እዚያው ቀረ፤
የአርባ ዓመት ሰው ዕንባ ባዳ ፊት ተዘረዘረ።

በሦስተኛው ሐሙስ የመዝገብ ሰው መሆኔን ሰምታ
ወረቀት ለሁለት ከፈለችልኝ፤
«በቀኝ ያንተን፣ በግራ ያንተ ያልሆነውን ጻፍ» አለችኝ።
ገቢና ወጪ ስለይ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፤
ያን ቀን ግን ሁሉንም በቀኝ ጽፌአለሁ፦
የመርከቡን መዘግየት፣ የመንገዱን መዘጋት፣
የአያ ደምለውን ማሳ፣ የአለቃዬን ቁጣ፣ የዝናቡን ሰዓት።
ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች፤
«ይህን በየትኛው ሞዴል ተረከብከው?
ሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ አለው?»

የለውም።
አንዱም የለውም!
ሳቅኩ። ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

አስማት አይምሰላችሁ። ዩሪያው ዛሬም ይዘገያል፤
አለቃዬም ያው ነው፣ ሲናገር ይጮኻል።
«ጌታዬ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኬ ይተኛል» አልኩት፤
ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ድምፄን ግን ያዝኩት።
ለዩኒየኑ ጻፍኩ፦ «ሁለተኛ ሰው ይመደብልኝ።»
መልስ አልመጣም። መጻፉ ግን ጥቂት አቀለለኝ።
አያ ደምለውንም «ነገ» ማለት ትቼ
«አላውቅም» አልኩት፣ ዓይኑን አይቼ።
ረገመኝ። ቆይቶ ግን አጠገቤ ተቀመጠ፤
ዝናቡን አየነው፣ ቆርቆሮው እያጓራ፣ ደጁ እየሰመጠ።

ትናንት ማታ እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ፤
አንድ መቶ ዐሥር… አንድ መቶ ዐሥራ አንድ…
ጠዋት ባለቤቴ «ስንት ጎደለ?» አለችኝ።
እንጃ።
ሳልጨርስ ነጋ።