ሁለት ማራገቢያ

ኅዳር በታምፔሬ፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት
ፀሐይ ሱቋን ዘግታ ገብታለች ወደ ቤት።
እኔ አሁን ነቃሁ። ሌሊቱን ሳጥበው ያደርኩት ትራም
ሄዷል ከነተሳፋሪው፤ ሐዲዱ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ምንተስኖት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቱ
(ይህ ሳምንት ተራዬ ነው፤ የሚቀጥለው የእናቱ)።
እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ግንበኛ መስሎ፣
ወረቀት ዘረጋልኝ፦ «ስምንት መቶ ዩሮ አለን፤ ቁጭ በል እናስላ» ብሎ።

ስምንት መቶ! የሁለት ክረምት ትርፍ ሰዓት።
ለመጫወቻ?
አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት።

ፕሮሰሰሩን አስቀደመ፦ «ይሄ ነው ጭንቅላቱ፤
ባለ ስድስቱ ይበቃል፤ ባለ ስምንቱ ለትዕቢቱ።»
ቀጥሎ ማዘርቦርድ።
«እናት ማለት ነው?» አልኩት፣ ለቀልድ።
«አዎ» አለ፤ ቀና አላለም። «ሁሉም እሷ ላይ ነው የሚሰካው።»
ዝም አልን ትንሽ። ፍሪጁ ብቻ ነበር የሚያወራው።

ግራፊክስ ካርዱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ከረረ፤
ብቻውን አራት መቶ ሃያ! እርሳሱ ባለበት ቀረ።
እሱን ስንይዝ ራሙ ይጎድላል፤ ራሙን ስንሞላ ዲስኩ፤
ራስ ሲሸፍኑት እግር የሚያጋልጥ፣ አጭር ጋቢ ነው ልኩ።

ቅዳሜ ኖኪያ ሄድን፤ ስልኩ አይደለም፣ ከተማው።
ያገለገለ ካርድ ያለው ቬይኮ የሚባል ሽማግሌ፣ ከሳውናው
ወጥቶ በር ከፈተ፤ ፊቱ ቲማቲም፣ ወገቡ ላይ ፎጣ፤
«ጥሩ ነው» አለ። ሌላ ቃል ግን አልመጣ።
ከሱፍ ካልሲ ውስጥ አወጣው፤ አቧራ እንኳ የለበትም።
መቶ ሰባ። ልከራከር አፌን ስከፍት ልጄ እግሬን ረገጠኝ፦
«ሠላሳውን ራሱ ነው የቀነሰው፤ ሌላ አንጠይቅም።»

ፓወር ሰፕላዩ ላይ እኔ ልቆጥብ አሰብኩና
«ከታች ነው፣ ማንም አያየውም፤ ርካሹ ይሁን» አልኩና
ቆጣ አለ። «የማይታየው ነው ሁሉን የሚያኖረው፤
አንተ ሌሊት እየሠራህ ይሄን እንዴት ረሳኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ሰባ ዘጠኝ ዩሮ ብለን ጻፍን።

ከዝርዝሩ ግርጌ የተሰረዘ መስመር አየሁ፤
እነዚያ ቀስተ ደመና የሚተፉ መብራቶች ናቸው፣
በጋውን ሙሉ ስማቸውን ሲጠራ የሰማሁ።
በቦታቸው «ማራገቢያ፣ ሁለት» ይላል፤ ቡናማ ቀለም፤
መልካቸው የገንፎ ነው፤ ዋጋቸው ግን የገንፎ አይደለም።
«ምነው?» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ አለፈ።

እሑድ ምንጣፉ ላይ ተንበረከክን፣ ብሎን እየቆጠርን፤
ቅባቷን አተር አሳክለን ፕሮሰሰሩ ላይ ጠብ አደረግን።
ትራም የሚያሽ እጄ አንዷን ብሎን መያዝ አቃተው፤
የሱ ጣት ገባችና፣ ሳትናገር፣ እንደ መርፌ ይዛ አጠበቀችው።

ቁልፉን ተጫነ። ዝም።
ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ፤ ትንፋሽ እንኳ የለም።
«ሞቷል! ያ ባለ ፎጣ ጉድ ሠራን» ብዬ ስነሳ
ስክሪኑ በራ። «ሠርቷል እኮ» አለ ልጄ፣ ድምፁን ሳያነሳ።
«ቀን ቀን ነው የምትተኛው። የቤቱ ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው።
ለዚያ ነው።»

ሰኞ እናቱ ዘንድ ሄደ።
ከሥራ ገባሁ፣ ጋደም አልኩ፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤
ያው የትናንቱ ጸጥታ ነው፤ ጆሮዬ ግን ይለየዋል።
ተገላበጥኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት።
ተነሥቼ በካልሲ ሄድኩና ያቺን ቁልፍ ተጫንኳት፤
ቡናማዎቹ ሲዞሩ አየሁ፣ ምንም ሳልሰማ፤
ተመልሼ ተኛሁ።