ቋጠሮ

ከአዳማ ስነሳ ሁለት ቁልፍ ይዣለሁ፤
አንዱን፣ የበሬን፣ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ፣
ሌላው አርባ ፊደል ነው፣ በቃሌ ሸምድጄዋለሁ።

አልጋዬ ሥር አሮጌ ማሽን አለች፣
ሲሞቃት እንደ አስም በሽተኛ ታስላለች፤
አርባ አንድ ሰው ወሬውን፣ ፎቶውን፣ ኩርፊያውን ያኖረባት፣
ከላይ ሆኖ የሚያዝ ጌታ የሌለባት።
ሌሎችም አሉ እንደ እሷ፣ በጅማ፣ በደሴ፣ በየሰው ጓዳ፣
የሚጠያየቁ፣ እንደ ጎረቤት፣ በአጥር ቀዳዳ።

የበሩን ቅጂ ለቢቂልቱ ሰጥቼ አልኳት አደራ፣
«መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀስቅሻት፤ ጨለማ እንዳትፈራ።»
ሁለተኛውን ቁልፍ ግን፣ ለማንም።

ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አለፍን።
ከጎኔ ያሉት ሰውዬ የባንካቸውን ምስጢር ቁጥር
በስልክ ለሚስታቸው፣ ጮክ ብለው፣ አራቱንም አኃዝ ሲነግሩ
ሹፌሩ ሳይቀር ሰማቸው።
ስለ ደኅንነት የጻፍኩት ሃያ ገጽ ጭኔ ላይ አፈረላቸው።

ሐዋሳ። የሆቴሉ ግድግዳ ላይ የዋይፋዩ ይለፍ ቃል፣
ከአንድ እስከ ስምንት፣ በተራ፣ በቀይ ቀለም ተለጥፏል።
አዳራሹ ውስጥ ባለ ከረባቱ፦ «አንድ ትልቅ ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ፤
ሁሉም እዚያ ገብቶ ይተኛ።»
ተራዬ ደርሶ ስነሳ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ፤
የቢቂልቱ መልእክት፦ «መብራት ሄደ።» ላብ አጠመቀኝ።
«ቤቴ አሁን ጨለመ» አልኳቸው፤ «የደሴዋ ግን ትበራለች።»
ከኋላ አንዲት ሴት፣ ብቻዋን፣ አጨበጨበች።

በማግስቱ አሞራ ገደል፣
ሐሜሶ የሚሏቸው ሽማግሌ መረብ ይጠግናሉ፣
አባ ኮዳዎች እንደ ዳኛ ተሰልፈው ያያሉ።
«አንዱ ቋጠሮ ቢፈታስ?» አልኩ። ክሩን በጥርሳቸው ይዘው ሳቁ፦
«ጎረቤቱ ይይዛል፣ ልጄ፤ ዋናው ቀዳዳውን ማወቁ።»
ደስ ብሎኝ ልጽፈው ስል፣
እግራቸው ሥር፣ ባልዲው ውስጥ፣ አንድ ቆሮሶ ይንፈራገጣል፤
ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል።
እሱስ መረቡን ምን ብሎ ይጠራዋል?

ደብተሬን አጠፍኩ። ያኔ ቢቂልቱ ደወለች፦
«መብራት መጣ፤ ማሽንሽ ግን ቃል ካልነገራችሁኝ አልነቃም አለች።»
ዙሪያዬን አየሁ፤ አጥማጅ፣ ጎብኚ፣ አንገቱን ያሰገገ አባ ኮዳ፣
ሁሉም ጆሮ፣ ሁሉም ባዳ።
የሚኒባሱ ሰውዬ ትዝ አሉኝ።
ፊቴን ወደ ሐይቁ መለስኩ፤
አፌን በመዳፌ ጋርጄ፣ አርባውን ፊደል፣
አንድ በአንድ፣ ለቢቂልቱ ሹክ አልኩ።