ከምግብ በኋላ

ክፍሌ ዱሮ የኳስና የጠመኔ ማስቀመጫ ነበር፤
አሁንም በሩ ሲገፋ ነጭ ብናኝ ይወርዳል ከማገር።
አንድ አልጋ አለኝ፣ አንድ እግሩ በብሎኬት የተደገፈ፣
አንድ ቴርሞሜትር፣ ከሁለቱ ከመሰበር የተረፈ፣
አንድ መስኮት፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም በኮንዶሚኒየም ላይ፣
ከዚያ ወዲያ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ።

ሲስተር ይሉኛል። ትርፌ መባሌን የሚያውቀው ፔሮሉ ነው፤
ወር ደርሶ ስፈርም ነው ስሜን እንደ ሩቅ ዘመድ ሰላም የምለው።

ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይበተን፣ አንዱ አፍንጫው ደምቶ አንገቱን ወደ ኋላ ያቀና፤
"ወደ ፊት ጎንበስ!" እላለሁ። "እማዬ ወደ ኋላ ነው ያለችኝ" ይላል፣ እናት መች ትሳሳትና።
አራት ሰዓት ላይ መምህር ዘገየ፣ ጨጓራውን ይዞ፣ ተማሪ እንዳይሰማ
በሹክሹክታ፤ አምስት ሰዓት ላይ ተሚማ፣
ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ አልገባም አልወጣም ብላ በር ላይ ቆማ።
አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት፤
መሳቢያዬን ከፍቼ በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ሰጠኋት።
ከመጋረጃው ወዲያ ብዙ ቆይታ፣ "ልሞት ነው?" አለች ቀስ ብላ።
"አይ፣ ልትፈተኚ ነው" አልኳት፤ "ሂሳብ፣ ከምሳ በኋላ።"

ማክሰኞ ኢብሳን ጥቁር ሰሌዳው ሥር ጣለው፤
ስደርስ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ላይ ይዘዋል፣ ጭሱ እንዲያነቃው።
"አጥፉት!" አልኩ። በጎኑ አስተኝቼ፣ ሹራቤን ከራሱ ሥር ከትቼ፣
ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ፣ በሰዓቴ ቆጥሬ፣ በሰዓቴ አርጅቼ።
ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ማን ማን አየኝ?" ብሎ ነው።
"እኔ ብቻ" አልኩት፣
ከመስኮቱ ውጪ የሃምሳ ሦስት ልጅ ትንፋሽ እየሰማሁ።

መዝገቤ አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ክፍል፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የተሰጠ ሕክምና።
ምንተስኖት ከምገባው ወጥቷል ዘንድሮ፣ ምገባው ስምንተኛ ላይ ያበቃልና፤
ረሀብ ግን ክፍል ያልፋል፤ አብሮት ዘጠነኛ ገባ።
ሰኞ ሰኞ፣ ሦስተኛ ፔሬድ፣ "ሆዴን" ብሎ ይቆማል።
የኪኒኑ ልጣጭ "ከምግብ በኋላ ይወሰድ" ይላል፤
"በላህ?" እለዋለሁ። "ትናንት" ብሎ ይመልስልኛል።
እኔ የትእዛዝ ሰው ነኝ፣ የታዘዘ አልሽርም፤
ከምግብ በኋላ ከተባለ፣ ምግቡ ሳይቀድም አልሰጥም።
ምሳ ዕቃዬን እከፍታለሁ፤ ድንች በካሮት፣ ከዳቦ ጋራ፤
እሱ ግድግዳውን እያየ ይበላል፣ እኔ ጥጥ እጠቀልላለሁ፣ እንደ ባለሥራ።
ኪኒኑን ረስቶት ይሄዳል። አላስታውሰውም።
ሦስተኛው ዓምድ ላይ "የሆድ ቁርጠት" እጽፋለሁ፣
አራተኛው ላይ "ተሰጠ"፤ ምን እንደተሰጠ አልጽፍም።

ተቆጣጣሪው መጥተው መዝገቡን አገላበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፤
"ቁርጠት በዝቷል፤ ውኃው ይመርመር" ብለው
በቀይ ጽፈው ሄዱ።
ውኃ ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ መጣ፤ በዕረፍት ሰዓት፣ ከነኳሱ።
"ዛሬስ?" "ምንም አልሆንኩም፣ ሲስተር።" "ታዲያ?"
"እንዳላመመኝ ልነግርዎ ነው" አለ፣ ኳሷን እያነጠረ ለራሱ።
"እማዬ ብሎኬት ማምረቻ ገባች።"
ብዕሬን አነሣሁ። ስሙን ጻፍኩ፣ ክፍሉን ጻፍኩ፣
ሦስተኛው ዓምድ ላይ ቆምኩ።

ገና እንደቆምኩ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ እያለቀሰች ገባች፤
እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ አንዲት ጥርስ፣ ከነደሟ፣
የእሸት በቆሎ ፍሬ የምታህል።
"ወለቀች፣ ሲስተር" አለች። "መልሽልኝ።"